የፒክአፕ እግር ለኮረኮንች የሥራ መንገድ፦ ምኑ ይቀየር፣ ምኑስ ይተው?

ፒክአፕ ሲነደፍ መሐንዲሶቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ፍላጎቶችን ማስታረቅ አለባቸው። መኪናው ባዶውን በአስፋልት ሲሄድ ተሳፋሪውን እንዳያንገጫግጭ ለስለስ ማለት ይኖርበታል፤ አንድ ቶን ገደማ ሲጫንበት ደግሞ ኋላው እንዳይወርድ ጠንካራ መሆን ይጠበቅበታል። ከፋብሪካ የሚወጣው መኪና የዚህ ድርድር ውጤት ነው። ይኸው መኪና በየቀኑ ለሰዓታት በኮረኮንች፣ ዝናብ በቦረቦረው የእርሻ መንገድ፣ ወይም ከባድ መኪኖች ባረሱት የግንባታና የማዕድን ቦታ መግቢያ ላይ እንዲመላለስ ሲደረግ ግን ድርድሩ ይፈርሳል፤ ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ንጣፍ) ይረግባል ወይም ይሰበራል፣ ጎሚኒዎቹ (በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ይበላሉ፣ ብሎኖቹ ይላላሉ።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፦ «ከፍ አድርገው፣ አጠንክረው»። ምክሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን መነሻው የተሳሳተ ነው። የመኪና እግር ሥራውን የሚሠራው በመንቀሳቀስ ነው። ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች መሄድ ካልቻለ፣ ያንን እንቅስቃሴ በእርሱ ፈንታ የሚያደርጉት ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ጭነቱና የሾፌሩ ወገብ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነሡትን ለውጦች ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለውጡ ጎማው በቁጥጥር ሥር ሆኖ የሚንቀሳቀስበትን ርቀት ይጠብቃል ወይስ ይነጥቃል?

የሚሸከመውና የሚያረጋጋው

በጋራዥ ቋንቋ «እግር» ወይም «ሰስፔንሽን» ተብሎ በጅምላ የሚጠራው ክፍል ውስጥ ሁለት በጣም የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ወይም ሞላ ነው። ሾክ አብዞርበር (በአንዳንዶች አጠራር አሞርዛተር) ክብደት አይሸከምም፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ሾኩ ተፈትቶ ቢወጣ የመኪናው ከፍታ እምብዛም አይለወጥም። ይህን ልዩነት አለመለየት የብዙ የተሳሳተ ግዢ ምንጭ ነው። ኋላው የወረደ ፒክአፕ አዲስ ሾክ ስለገባለት አይነሣም፤ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሦስትና አራት ጊዜ የሚዘል ፒክአፕም ተጨማሪ የባሌስትራ ንጣፍ ስለገባለት አይረጋጋም፣ እንዲያውም ይብስበታል።

ሞላና ባሌስትራ የመንገዱን ምት ተቀብለው ኃይሉን ያጠራቅማሉ፤ ያጠራቀሙትንም ወዲያው ይመልሳሉ። ሾኩ በመሃል ገብቶ ያንን ተመላሽ ኃይል ዘይትን በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ በማሳለፍ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በሌላ አነጋገር ሾክ ማለት እንቅስቃሴን እየበላ ሙቀት የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ይህን አባባል ማስታወስ ይጠቅማል፤ በኮረኮንች ላይ ሾክን የሚገድለው በአብዛኛው ያው ሙቀት ነውና።

በአቀማመጥ ረገድ የዛሬዎቹ የሥራ ፒክአፖች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ከፊት እያንዳንዱ ጎማ በላይኛውና በታችኛው ክንድ ተይዞ በሞላ ላይ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላ አንድ ወጥ አክስል በሁለት ባሌስትራ ላይ ተቀምጧል። ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ትውልዱ የፊቱን ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) በሞላ የተካ ሲሆን፣ ላንድክሩዘር 70 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የፊት ባሌስትራውን ትቶ አክስሉን በሞላ ላይ አስቀምጧል፤ ሁለቱም ከኋላ ባሌስትራን አልተዉም። ባሌስትራ ክብደት ከመሸከሙ በላይ አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዝ፣ ሲጎዳም ለመጠገን የማያስቸግር ዕቃ በመሆኑ ከሥራ መኪና ላይ በቀላሉ የሚወርድ አይመስልም።

መጀመሪያ ወደ ሚዛን

ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር መኪናው በተለመደ የሥራ ቀኑ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና ያ ክብደት በፊትና በኋላ አክስል መካከል እንዴት እንደተከፈለ ነው። የመኪና ሚዛን ላይ ሁለት ጊዜ መቆም ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ ሰው፣ ነዳጅ፣ መሣሪያና የተለመደው ጭነት በሙሉ ኖሮ፣ በሁለቱም ጊዜ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ እየተመዘነ። በግምት መሥራት እንደሚያሳስት ለማየት ጥቂት መደመር ይበቃል፦ 80 ሊትር ናፍጣ ወደ 67 ኪሎ፣ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ፣ አምስት ሰው ከ350 ኪሎ በላይ ነው። ገና አንድ መሣሪያ ሳይጫን ከአምስት መቶ ኪሎ ታልፏል።

ክብደቱ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። የኋላ ባሌስትራዎቹ ጥንካሬ በድምር ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 100 ኪሎ ነው እንበል፤ ማለትም 100 ኪሎ በተጨመረ ቁጥር ኋላው 1 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ባዶው መኪና ከኋላ በባሌስትራው ላይ የሚያሳርፈው 400 ኪሎ ከሆነ ባሌስትራው በ4 ሴንቲሜትር ይታጠፋል። በፊዚክስ ቀላል ስሌት መሠረት በ4 ሴንቲሜትር የታጠፈ እግር በሰከንድ 2.5 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ይህ ተሳፋሪው «ይማታል» የሚለው ስሜት ነው። 900 ኪሎ ሲጨመርበት መታጠፉ 13 ሴንቲሜትር ይደርስና ውዝዋዜው በሰከንድ ወደ 1.4 ይወርዳል፤ ያው መኪና አሁን ይመቻል። ጭነት የያዘ ፒክአፕ ከባዶው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ የሚሄደው ለዚህ ነው።

አሁን ባለቤቱ «አጠንክረው» የሚለውን ምክር ሰምቶ ጥንካሬውን በእጥፍ አሳደገው እንበል። ባዶው መኪና አሁን ባሌስትራውን የሚያጥፈው በ2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ውዝዋዜው በሰከንድ ከ3.5 ያልፋል። ምቾቱ ቢቀር እንኳ የባሰ ነገር አለ። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ባሌስትራው ወደ ታች የሚገፋው የታጠፈውን ያህል፣ ማለትም 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ጎማው በራሱ ክብደት ብቻ ይንጠለጠላል፣ መሬቱን መጫን ያቆማል፤ መሬት ያልጫነ ጎማ ደግሞ አይጎትትም፣ ፍሬን አይዝም፣ መሪ ሲዞርም አይታዘዝም። ይህ መኪና ጠነከረ ይባላል እንጂ ለኮረኮንች ተሻሻለ አይባልም።

ስለዚህ ባሌስትራና ሞላ ሲመረጥ መለኪያው ከመኪናው የማይወርደው ክብደት ነው። የተበየደ የመሣሪያ ሳጥን፣ የውሃ ታንከር፣ የፊት መከላከያ ብረት፣ ዊንች፣ የጣሪያ መጫኛ እነዚህ ሁልጊዜ ያሉ ክብደቶች ናቸው። ሻጮች ምርታቸውን «ለቋሚ 300 ኪሎ» ወይም «ለቋሚ 500 ኪሎ» እያሉ የሚከፋፍሉት ይህንኑ ይዘው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚጫን ሲሚንቶ ቋሚ ክብደት አይደለም፤ ለእርሱ ተብሎ የተገዛ ባሌስትራ የቀሩትን ስድስት ቀናት መኪናውን ይቀጠቅጣል።

ሚዛኑ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። አምራቹ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት በባሌስትራ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሻንሲው፣ ቸርኬውና ጎማው የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው፣ የመኪናውም አቅም ከእነዚህ በደካማው ልክ ነው። ከባድ ባሌስትራ ማስገባት ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል እንጂ የመጫን አቅሙን አይጨምርም። በእኔ እይታ ይህ አደገኛ የሚሆነው ምልክቱን ስለሚደብቅ ነው፤ ቀደም ሲል ኋላው ወርዶ «በዝቷል» ይል የነበረው መኪና አሁን ዝም ይላል።

የጭነቱ ቦታም እንደ መጠኑ ሊታይ ይገባል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር ባለው መኪና ላይ 100 ኪሎ ከኋላ አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 133 ኪሎ ይሆናል፤ ትርፉ 33 ኪሎ ከፊት አክስል የተነሣ ነው። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው ይሳሳል። በዚያ ላይ በየጉድጓዱ የሚዘለው ጭነት ሻንሲውን ከኋላ አክስል ፊት ለፊት ባለው ቦታ ላይ እንደ ማንሻ ዘንግ እየጫነ ያጥፈዋል፤ የጭነት ሳጥናቸው አጭር ሆኖ ከአክስሉ ኋላ ብዙ የሚወጣ ባለሁለት ረድፍ ወንበር ፒክአፖች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ለዚህ የሚሆን የእግር መፍትሔ የለም፤ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት፣ ወደ ጋቢናው አስጠግቶ መጫን ግን ምንም ወጪ የለውም።

ጎማው ራሱ ሞላ ነው

ምቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ባሌስትራም ሾክም አይደለም፤ አየር የተሞላው ጎማ ነው። በአስፋልት 36 ፒ.ኤስ.አይ. የሚነፋ ጎማ በኮረኮንች ላይ ወደ 28 ዝቅ ሲደረግ ጎኑ ይላላል፣ ትንንሾቹን ምቶች ራሱ ይውጣቸዋል፣ ስለታም ድንጋይም በቀላሉ አይቀደውም። ሁኔታው ግን ሁለት ግዴታዎች አሉት፤ ፍጥነት መቀነስ አለበት፣ ወደ አስፋልት ሲመለስም ጎማው እንደገና መነፋት አለበት፣ ምክንያቱም አየር የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ይግልና ይፈነዳል። ሙሉ ጭነት ላለበት የኋላ ጎማ ደግሞ ቅነሳው ከዚህ ያነሰ መሆን ይኖርበታል። ትንሽ የአየር መንፊያ ኮምፕረሰርና ትክክለኛ የግፊት መለኪያ ከማናቸውም የእግር ዕቃ በፊት ቢገዙ ገንዘቡ አይባክንም።

የቸርኬ መጠን ምርጫም ከዚሁ ጋር ይያዛል። ትልቅ ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር ለዓይን ቢያምርም ድንጋይ ሲያገኘው ምቱን የሚቀበለው ላስቲክ ትንሽ ነው፤ ለሥራ መንገድ 16 ወይም 17 ኢንች ቸርኬ ላይ ጎነ ረጅም፣ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ጎማ ይመረጣል። ጎማው ከሚገባው በላይ ግዙፍ ከሆነም ሌላ ችግር ያመጣል። ከሞላው በታች ያለ ክብደት፣ ማለትም ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬንና አክስል፣ ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚጨመር 10 ኪሎ ሾኩ በየሰከንዱ ሊያስቆመው የሚገባ ተጨማሪ መዶሻ ነው።

ሽብሽቡ መንገድና የሾክ ሙቀት

በኮረኮንች ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በአግድም ተደርድረው የሚታዩት ሽብሽቦች ከየት እንደሚመጡ ብዙ ተብሏል፤ የመኪና ሞላ ያመጣቸዋል የሚለው የተለመደ መልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፊዚክስ ጥናት ግን ምንም ሞላ የሌለው ጠንካራ ጎማ በአሸዋ ላይ ሲሽከረከር እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሽብሽቡ ራሱ እንደሚፈጠር በሙከራ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው። ሁሉም ቀስ ብሎ ቢነዳ መንገዱ ባልተሸበሸበ ነበር፤ ግን ማን ቀስ ይላል?

ሽብሽቡ ለሾክ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። በሽብሽቦቹ መካከል ያለው ርቀት 75 ሴንቲሜትር፣ የመኪናው ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ጎማ በሰከንድ 22 ጊዜ ይመታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 80,000 ጊዜ ይሆናል። እያንዳንዱ ምት ትንሽ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከሚወጣው በላይ ሲከማች ዘይቱ ይቀጥናል፣ በውስጡ ካለው ጋዝ ጋር ተደባልቆም አረፋ ይሠራል። አረፋ በቀዳዳ ውስጥ ያለ ተቃውሞ ያልፋል። ሾፌሩ የሚያውቀው መኪናው ከሰዓት በኋላ ከጠዋቱ ይልቅ እየተንሳፈፈ፣ በመታጠፊያ ላይም ኋላው ወደ ጎን እየሸሸ መሄዱን ነው። ሲቀዘቅዝ ሾኩ በከፊል ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት ጋራዥ ሲደርስ «ደህና ነው» ይባላል።

ለሥራ መንገድ የሚሆን ሾክ ሲመረጥ ታዲያ ሊጠየቅ የሚገባው ሙቀቱን ምን ያህል እንደሚችል ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስለ ቀለሙና ስለ ምልክቱ ይጠይቃል። መጠን ራሱ መልስ ነው። የፒስተኑ ዲያሜትር ከ35 ወደ 45 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ዘይቱን የሚገፋው ገጽ በ65 በመቶ ይጨምራል፤ በዚህም ያው ሥራ በዝቅተኛ ግፊትና በበዛ ዘይት ይሠራል። ባለሁለት ቱቦ ሾክ ውስጠኛው ቱቦ በውጭኛው ስለተከለለ ድንጋይ ቢያጎደጉደው እንኳ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሁለት ግድግዳ ማለፍ አለበት፣ ዘይቱና ጋዙም በአብዛኛው አልተለያዩም። ባለአንድ ቱቦው ናይትሮጂን ጋዙን በተንሳፋፊ ፒስተን ከዘይቱ ይለያል፣ ሙቀቱንም በቀጥታ ለነፋስ ይሰጣል፤ በአንጻሩ ፒስተኑ የሚሄድበት ቱቦ የውጭው ግድግዳ ራሱ ስለሆነ አንድ ጥልቅ ስርጉድ ያጣብቀዋል። ከሁለቱ መካከል በጋዙ ቦታ የማይሟሟ ስፖንጅ መሰል ነገር የሚያስገባ ባለሁለት ቱቦ ዓይነት አለ፤ አረፋ ስለማይሠራ፣ ቱቦውም ወፍራም ስለሆነ ዝግ ብለው ለሚሄዱና ብዙ ለሚጭኑ መኪኖች አስተማማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከውጭ የዘይት ጠርሙስ የተንጠለጠለላቸው ውድ ሾኮች ለውድድር የሚመጥን ሙቀት ይችላሉ፤ ጠርሙሱንና ቱቦውን ድንጋይ በሚወረወርበት ቦታ ይዞ ለሚውል የሥራ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጉም።

ሾኩ ከሞላው ጋር መጣጣም እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። ጠንካራ ሞላ ከነባሩ ሾክ ጋር ሲገባ የሚመለሰው ኃይል ከሾኩ አቅም በላይ ይሆንና መኪናውን ወደ ላይ ይወረውራል። በተቃራኒው፣ መልሱን ከመጠን በላይ የሚያዘገይ ሾክ በሽብሽቡ ላይ ጎማው ወደ ታች ከመመለሱ በፊት ቀጣዩ ምት ይደርስበታል፤ እግሩ በየምቱ እየተሰበሰበ ይሄድና በመጨረሻ በላስቲክ መግቻው ላይ ይቀመጣል። መንገደኛው «ሾኩ ጠንካራ ነው» ሲል በእርግጥ የሚሰማው እንቅስቃሴ ያለቀበት እግር ነው።

ሾክ መሞቱን ለማወቅ የመኪናውን ጥግ ገፍቶ መልቀቅ የተለመደ ፈተና ቢሆንም ለባሌስትራ አይሠራም፤ ንጣፎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ብቻውን ውዝዋዜውን ስለሚይዙት የሞተ ሾክ ደህና ይመስላል። ከዚያ የሚሻለው ግማሽ ሰዓት በኮረኮንች ነድቶ ወዲያው አራቱንም ሾኮች በሙቀት መለኪያ ወይም እጅን ሳያስነኩ አስጠግቶ ማነጻጸር ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የቀዘቀዘው ሥራ ያቆመው ነው።

ባሌስትራውን መንካት

ባሌስትራ ላይ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ትልቅ ውጤት አለው፤ ምክንያቱም የንጣፍ ጥንካሬ የሚያድገው የውፍረቱን ኪዩብ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ተከትሎ ነው። 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ንጣፍ በ7 ሚሊ ሜትር ሲተካ ውፍረቱ የጨመረው በ17 በመቶ ገደማ ሲሆን ጥንካሬው ግን በ59 በመቶ ያድጋል። ከሌላ መኪና የወጣ ወፍራም ንጣፍ «ይሄዳል» ተብሎ ሲገባ ውጤቱ ያልተጠበቀ የሚሆነው በዚህ ነው። በዚያ ላይ የንጣፉ ቅስት ከጎረቤቶቹ ጋር ካልገጠመ ጭነቱ በጫፉ ላይ ይከማችና የሚሰበረው ነባሩ ንጣፍ ይሆናል። ከቻሉ ከብዙ ስስ ንጣፎች የተሠራ፣ ከታች ደግሞ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚነካ ወፍራም ረዳት ያለው ሙሉ ባሌስትራ መቀየር ይመረጣል፤ ባዶውን በስሶቹ ላይ ይሄዳል፣ ሲጫን ረዳቱ ይቀበለዋል።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚያስሩት ዩ-ቦልቶች ሁልጊዜ በአዲስ መተካት ይኖርባቸዋል። ሲጠብቁ በጥቂቱ ስለሚሳቡ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ያህል አይዙም። ሲላሉ የሚከተለው ሰንሰለት በየጋራዡ የታወቀ ነው፤ አክስሉ በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል፣ ግፊቱ ሁሉ በቀጭኑ የመሃል ብሎን ላይ ያርፋል፣ ብሎኑ ይቆረጣል፣ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል። ሌላው ዕጣ ደግሞ ንጣፉ በመሃል ብሎኑ ቀዳዳ ላይ መሰበሩ ነው። ባሌስትራ በመሃሉ ተሰብሮ ሲገኝ ስለ ብረቱ ጥራት ከመከራከር በፊት የዩ-ቦልቱን ጥብቀት መጠየቅ ይገባል።

በባሌስትራው ላይ የሚታከል የአየር ከረጢት ጭነቱ ለሚለዋወጥ መኪና ብልህ መፍትሔ ይመስላል፤ ሲጫን ይነፋል፣ ሲራገፍ ይተነፍሳል። በልክ ከተጠቀሙበትም ይረዳል። ሆኖም ባሌስትራ ክብደቱን በሁለቱ ጫፎቹ አራርቆ ለሻንሲው ሲያካፍል፣ ከረጢቱ በአንድ ነጥብ ላይ ነው የሚገፋው። ጭነት በዝቶ፣ ያውም ከአክስሉ ኋላ ሆኖ፣ ከረጢቱ ደግሞ ጥርቅም ብሎ ተነፍቶ በኮረኮንች መሄድ ሻንሲ ከሚታጠፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ከፍታው

ከፍታን መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። መኪናው ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካ ይረዳል፣ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበትም ቦታ ይገኛል። ነገር ግን ሾኩ በዚያው ርዝመቱ ከቀረ ወደ ላይ የተገኘው ሁሉ ከታች የተወሰደ ነው፦ ድምሩ 20 ሴንቲሜትር ሆኖ 10 ወደ ላይ፣ 10 ወደ ታች የነበረው እግር 5 ሴንቲሜትር ሲነሣ 15 ለ 5 ይሆናል፣ ጎማውም በየጉድጓዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሾኩ በመጨረሻው ነጥብ ይንቃቃል። ቶርሽን ባር ያላቸውን ነባር ፒክአፖች ብሎኑን አጥብቆ ማንሣትም ይኸው ነው፤ ብዙዎች «ጠነከረ» ቢሉም ብረቱ ያው ብረት ነው፣ የተለወጠው መነሻ ቦታው ብቻ ነው።

ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ሲኬድ ጣጣው ይበዛል። የፊት ጎማን የሚያዞሩት ዘንጎች መጋጠሚያ ከልክ በላይ ይታጠፍና ቶሎ ይበላል፤ የላይኛው ክንድ ቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ወደ እንቅስቃሴው ዳር ይደርሳል፤ መሪው ቀጥ ብሎ መመለስ ይሳነዋል፤ የፍሬን ቱቦ ይወጠራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ አንዳንድ ፒክአፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ኋላው ሲወርድ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ኃይል የሚጨምር ቫልቭ ያላቸው መሆኑ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ ባዶ እንደሆነ ይገምታል፤ ተጭኖ ሳለ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ከፍታ ከተለወጠ ቫልቩም፣ የጎማ አላይመንቱም፣ የመብራቱ አቅጣጫም አብረው መስተካከል አለባቸው። በብዙ አገሮችም እንዲህ ያለው ለውጥ የባለሙያ ማረጋገጫ ወይም ምዝገባ ስለሚጠይቅ፣ የመድን ውሉን ጭምር አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ገጠማ በወራት ውስጥ ያልቃል። ከሁሉ የሚዘወተረው ስህተት ጎሚኒ ያለባቸውን ብሎኖች መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ጨርሶ ማጥበቅ ነው። የላስቲክ ጎሚኒ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲወርድ ቆሞ ሳለ እንኳ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በየምቱም እስኪቀደድ ይሳባል። ብሎኖቹ በእጅ ተይዘው፣ መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ፣ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተንቀሳቅሶ ከተቀመጠ በኋላ መጥበቅ አለባቸው። ላስቲኩን በጠንካራ ፖሊዩሪቴን መተካት በባሌስትራ ጫፎችና በሻክሉ (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ ማያያዣ) ላይ፣ ግሪስ የሚገባበት ከሆነ፣ ዕድሜ ይጨምራል፤ በፊት ክንዶች ላይ ግን ምቱን ሳይቀንስ ወደ ሻንሲው ስለሚያሳልፍ ላስቲኩ ቢቆይ እመርጣለሁ።

ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዩ-ቦልቶቹና የእግሩ ብሎኖች ሁሉ በቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን መጠን በሚለካ መፍቻ) እንደገና መፈተሽ ይኖርባቸዋል፤ አዲስ ባሌስትራ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ስለሚቀመጥ ጥብቀቱ መቀነሱ አይቀርም። በዚያው ቀን ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ መኪናው ባዶ ሆኖ ለጥ ባለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ለክቶ መመዝገብ ጥሩ ልማድ ነው። ከመሬት መለካት አያስፈልግም፤ የጎማው አየርና የመበላቱ መጠን ያሳስታል። ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ቀንሶ ከተገኘ የተሰበረ ወይም የረገበ ንጣፍ መፈለግ ነው። በሁለቱም ጎን እኩል ቀንሶ ከተገኘ ግን ሌላ ንጣፍ ከማዘዝ በፊት የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ፣ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ተብሎ የተከማቸውን ሰንሰለት፣ ቁራጭ ብረትና አሮጌ መለዋወጫ አውርዶ፣ መኪናውን እንደገና ሚዛን ላይ ማቆም ይቀድማል።